ለጥርስ እጥበት ባለሙያዋ እህታችን ምስጋና፣ ጥርስ ለማሳጠብ ላሰባችሁም ጥቆማ

መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ አነስተኛ የጥርስ ክሊኒክ የምትሠራ የጥርስ እጥበት ባለሙያ እህታችንን በአደባባይ ለማመስገን ነው ይህን የምንጽፈው። ስሟ እንዲወጣ አልፈለገችም፤ ፍላጎቷን አክብረናል። እኛ በዚሁ ሙያ ውስጥ ያለን፣ ታካሚዎቻችንን ለእጥበት ወደ እሷ የምንልክ ሰዎች ነን። "እጇ ቀላል ነው፣ አታሳምምም" ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን እጁ የቀለለ ሁሉ በደንብ አጥቧል ማለት አይደለም። እንዲያውም ምንም ሳይሰማችሁ በአሥር ደቂቃ ያለቀ እጥበት ብዙ ጊዜ ከድድ በላይ የሚታየውን ብቻ ጠርጎ፣ በሽታውን የሚያመጣውን እታች የተወ ነው። ስለዚህ ምን እንደምትሠራ ዘርዘር አድርገን እንጻፍ፤ እሷ ጋ መድረስ የማትችሉም የምትሄዱበትን ቦታ በዚህ መመዘን ትችላላችሁ።

ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የምታነሳው እስክሪብቶ ነው። ስኳር አለ? ግፊትስ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት? የልብ ቫልቭ ተቀይሯል? እርግዝና? ይህ ለፎርም ማሟያ የሚጠየቅ አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይቆጣል፣ ቶሎም አይድንም፤ የተቆጣው ድድ ደግሞ በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የቅርብ ጊዜ የአይ ኤን አር (ደሙ ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳይ ምርመራ) ውጤት ካልያዘ ጥልቅ ጽዳት አትጀምርለትም፤ "ለሁለት ቀን አቁመውና ና" ግን በፍጹም አትልም፤ ያ የሚወሰነው ባዘዘው ሐኪም ነው። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ወይም ከዚህ በፊት የልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽን ታሞ የዳነ ሰው ከእጥበቱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ መከላከያ አንቲባዮቲክ ይወስዳል። ለአዋቂ የተለመደው 2 ግራም አሞክሲሲሊን ሲሆን፣ ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሌላ ይታዘዛል። ይህን ከሐኪም ጋር እንጂ ከፋርማሲ ባንኮኒ ላይ አትወስኑት።

የመድኃኒት ዝርዝሩን የምትጠይቅበት አንድ ሌላ ምክንያትም አለ። ለግፊት በብዛት የሚታዘዙት አምሎዲፒንና ኒፈዲፒን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይንም በአንዳንድ ሰው ላይ ድድን ያሳድጋሉ፤ ድዱ አብጦ ጥርሱን መሸፈን ይጀምራል። ሰውየው ችግሩን ከቆሻሻ ይቆጥረዋል፣ አሥር ጊዜ ቢታጠብ ግን እብጠቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማት ለሐኪሙ ደብዳቤ ጽፋ ትልካለች።

ከዚያ ትለካለች። ከብዙዎች የምትለየውም እዚህ ላይ ነው። ፕሮብ የሚባለው፣ ጫፉ ደብዘዝ ያለና በሚሊ ሜትር የተሰመረ ቀጭን መሣሪያ በድድና በጥርስ መካከል ቀስ ብሎ ይገባል። ኃይሉ ከ20 እስከ 25 ግራም ቢሆን ነው፤ ይዳስሳል እንጂ አይወጋም። ለአንድ ጥርስ ስድስት ቦታ ይለካል፤ 28 ጥርስ ላለው ሰው 168 ልኬት ማለት ነው። "ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ደምቷል" እያለች ትጠራለች፣ ረዳቷ ይጽፋል። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ነው። 4 ሆኖ ከደማ ከድዱ ሥር ያለው መጽዳት አለበት። 5 እና 6 ሲደርስ ብሩሽም ክርም የማይደርስበት ጉድጓድ ተፈጥሯል፤ ራጅ ተነስቶ አጥንቱ መታየት ይኖርበታል። ድዱ ብቻ ተቆጥቶ ከሆነ፣ ጂንጂቫይተስ የምንለው ማለት ነው፣ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ጥርሱን የያዘው አጥንት መበላት ከጀመረ ግን ፔሪዮዶንታይተስ ሆኗል፤ የሄደው አጥንት በእጥበት አይመለስም፣ የሚቻለው እንዳይቀጥል ማቆም ነው። ሁለቱን በዓይን ብቻ እለያለሁ የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ።

በዓይን ማየት በተለይ እኛ አገር ያታልላል። የብዙዎቻችን ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው፤ በሰሜኑ አካባቢ ያደጉ ብዙ እናቶች ደግሞ ድዳቸውን ተነቅሰዋል። የተቆጣ ድድ ይቀላል የሚለው የመጽሐፍ ምልክት በንቅሳት ስር አይታይም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም ድዱ ብዙ ላይደማ ይችላል፤ ያም ጤነኛ ስለሆነ ሳይሆን ኒኮቲን የደም ሥሮቹን ስለሚያጠባቸው ነው። ለእነዚህ ሰዎች እውነቱን የሚነግራቸው ፕሮቡ ነው።

ማሽኑ የሚመጣው አሁን ነው። የአልትራሳውንድ ስኬለሩ፣ ማለትም የጠጠር ማንሻ ማሽኑ፣ ጫፍ በሰከንድ ከ25,000 እስከ 45,000 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ጠጠሩን፣ ማለትም ጥርስ ላይ የደነደነውን ቆሻሻ፣ የሚሰብረው ይህ ንቅጥቅጥ እንጂ የእጅ ጉልበት አይደለም። ጫፉን ወደ ጥርሱ አቅጣጫ አታቆመውም፤ በጎኑ፣ ከጥርሱ ጋር ጎን ለጎን አስተኝታ ታስኬደዋለች። ማሽኑን አጥብቆ የሚጫን ሰው ንቅጥቅጡን ያፍነዋል፣ ጠጠሩ አይነሳም፣ ሥሩም ይጫራል። የሚረጨው ውኃም አፍ ለማጠብ ብቻ አይደለም፤ ጫፉ ስለሚግል ያለ ውኃ ከተሠራ ሙቀቱ የጥርሱን ነርቭ ይጎዳል። ስለዚህ ውኃው ሲቋረጥ እግሯን ከፔዳሉ ታነሳለች። "ጋሼ፣ ሲያምዎት ግራ እጅዎን ያንሱልኝ፤ ራስዎን ግን እንዳያንቀሳቅሱ" ትላለች፣ እጁ ከተነሳም በእውነት ታቆማለች።

ጠጠሩ በብዛት የሚጋገረው በታችኛው የፊት ጥርሶች የውስጥ ገጽና በላይኛው የመንጋጋ ጥርሶች የጉንጭ በኩል ነው፤ የምራቅ ቱቦዎች የሚከፈቱት እዚያው አጠገብ ስለሆነ በምራቅ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፎስፌት ያልተቦረሸውን ፕላክ (ጥርስ ላይ የሚለጠፈውን የባክቴሪያ ሽፋን) ቶሎ ያጠነክረዋል። ይህ ከላይ ያለው ቢጫማ፣ በቀላሉ የሚነሳ ነው። አስቸጋሪው ከድድ በታች ያለው ጥቁርና ጠንካራ ጠጠር ነው፤ እሱ ላይ የእጅ መሣሪያ ትጠቀማለች። ግሬሲ ኪውሬት የሚባሉት የጠጠር መፋቂያ የእጅ መሣሪያዎች ለየጥርሱ ገጽ የተለያዩ ናቸው፤ ቁጥር 5/6 ለፊት ጥርስ፣ 11/12 እና 13/14 ለመንጋጋ ጥርስ የፊትና የኋላ ጎን። የደነዘዘ ኪውሬት ካልተሞረደ ጠጠሩን አይነቅለውም፣ ላዩን ያለሰልሰዋል። የለሰለሰ ጠጠር በመሣሪያ ሲዳሰስ ጥርስ ይመስላል፣ ከድድ ስር ግን በሽታው ይቀጥላል። ከታካሚ ታካሚ መሣሪያዋን በድንጋይ ስትስል የምትታየው ለዚህ ነው። ስትጨርስ ጥርሱን በአየር ታደርቀዋለች፤ ጠጠር ሲደርቅ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ የተረፈችው ስንጣሪ ራሷን ታጋልጣለች።

ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ በአንድ ቀን አትጨርስም። በሊዶኬይን አደንዝዛ አፉን ለሁለት ወይም ለአራት ከፍላ በተለያየ ቀጠሮ ትሠራለች፣ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥም መልሳ ትለካለች። ያ ሁለተኛው ልኬት ባይኖር የመጀመሪያው ሥራ መሥራት አለመሥራቱ በምን ይታወቃል? ሰዎች "ገንዘብ ለመጨመር ነው የምታመላልሰኝ" ብለው የሚያማርሩት ይህንን ነው፤ እኛ ግን እሷን የምንመርጠው በትክክል ለዚህ ነው።

"እጥበት ጥርስ ያላላል" የሚለውን ወሬ ሳናነሳ ብናልፍ ጽሑፉ ጎዶሎ ይሆናል። ወሬው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። አጥንቱ ለዓመታት ሲበላ የቆየ ጥርስ መወዛወዝ ይጀምራል፤ በጥርሶቹ መካከል የተጋገረው ጠጠር ግን እንደ ሲሚንቶ አያይዞ ያቆማቸዋል። ጠጠሩ ሲነሳ መወዛወዙ ይታወቃል፣ ያበጠው ድድ ሲበርድም ወደ ታች ይሸሽና በጥርሶቹ መካከል ክፍተት ይታያል፣ የተራቆተው ሥር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ይነዝራል። ታካሚው ሦስቱንም በእጥበቱ የመጡ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። እህታችን ሥራ ከመጀመሯ በፊት መስታወት አስይዛ ጠጠሩን፣ ክፍተት የሚታይበትን ቦታና የሚነዝረውን ጥርስ እያሳየች ትነግራቸዋለች። ከእጥበት በኋላ የሚነገር ማብራሪያ ማመካኛ ይመስላል፤ ከእጥበት በፊት ከተነገረ ግን ሰው ይቀበለዋል። መነዘሩ ብዙውን ጊዜ ከቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ይቆያል፤ ለሚነዝር ጥርስ የተሠራ የጥርስ ሳሙና ጥርሱ ላይ ቀብቶ ማቆየት ይረዳል። ለአንድና ሁለት ቀን ትንሽ መድማት ይጠበቃል፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ አሟሙቶ መጉመጥመጥ ይበቃል። ክሎርሄክሲዲን የሚባለው ጀርም ገዳይ መጉመጥመጫ ከታዘዘ ጠዋትና ማታ ነው፣ ከሁለት ሳምንት አይለፍ፣ ጥርስና ምላስ ያጠቁራልና። ከጥርስ ሳሙናው በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆይታችሁ ተጉመጥመጡበት፤ ሳሙናው ውስጥ ያለው አረፋ ሰጪ ኬሚካል ኃይሉን ይቀንስበታል።

ማለስለሱ፣ ያ በጎማ ኩባያና በፓስታ የሚሠራው፣ የመጨረሻና ትንሹ ሥራ ነው። የቡናና የሻይ፣ የሲጋራና የጫት ቀለም በዚህ ይነሳል። ከወንጂ፣ ከመተሐራ፣ ከዝዋይና ከሌላውም የስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚመጡ ወጣቶች ግን "ይህን ቡናማ እጠቢልኝ" ብለው ሲጠይቋት አይሆንም ትላለች። ያ በጉርምስና የመጣ ቆሻሻ አይደለም፤ ጥርሱ በሕፃንነት መንጋጋ ውስጥ ሲሠራ ፍሎራይድ ከበዛበት የጉድጓድ ውኃ የገባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በእነዚያ አካባቢዎች ከዚያ በብዙ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ስኬለር ቢፋጭበት የሚነሳው የተረፈው ኢናሜል፣ ማለትም የጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን፣ ነው። ለዚህ የሚሆን ሌላ ሕክምና ስላለ ወደ ሐኪሙ ትመራቸዋለች፤ ቀላል ገንዘብ ነበር፣ አልወሰደችውም።

ስለ ንጽሕና ባጭሩ፦ መሣሪያው የታሸገበት ከረጢት ፊታችሁ ይከፈታል፣ ከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት ቀለሙን ቀይሮ መሆን አለበት። አውቶክሌቭ፣ ማለትም በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን፣ በ121 ዲግሪ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፣ ወይም በ134 ዲግሪ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ይሠራል። በአልኮል መወልወል ማምከን አይደለም፣ መቀቀልም አይደለም። "ከረጢቱን ላየው?" ብላችሁ ብትጠይቁ የሚቆጣ ክሊኒክ ውስጥ አትቀመጡ።

የቀረው የእናንተ ሥራ ነው፣ እሱንም አሳይታ ነው የምትልከው። ዴንማርክ ኦርሁስ ውስጥ ሃራልድ ሎና ባልደረቦቹ በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት እስካሁን የምንመካበት ነው፤ ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ጥርስ ማጽዳት አቁመው በ10 እና በ21 ቀን መካከል ሁሉም ድዳቸው ተቆጣ፣ መቦረሽ ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት ገደማ ተመለሰላቸው። ማለትም የዛሬው ምርጥ እጥበት ቤት ውስጥ ካልተቦረሸ በሦስት ሳምንት ባዶ ነው። ለስላሳ ብሩሽ፣ ፀጉሩን ግማሹ ድድ ላይ ግማሹ ጥርስ ላይ በ45 ዲግሪ አዘንብሎ፣ በትንሹ እያርገበገቡ፣ ሁለት ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ። ሳሙናው ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ፍሎራይድ ያለው። በጥርሶች መካከል ክር፣ ክፍተቱ ሰፋ ካለ ደግሞ ትንሿ የመሃል ብሩሽ። የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ የሚወድ ሰው እንዲጥለው አትጠይቅም፤ ጫፉን በደንብ አኝኮ እንዲያለሰልሰው፣ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ እንጂ አግድም እንዳይጎትተው፣ የውስጥ ገጹንም እንዳይረሳው ታሳየዋለች። አግድም የሚጎተት መፋቂያ ድድን ያሸሻል። ከሰልና ሎሚ ግን ክርክር የለውም፣ ይቁም፤ አንዱ ይፍቃል፣ ሌላው ያሟሟል።

"በየስድስት ወሩ" የሚለው ለሁሉም አይሠራም። አጥንቱ የተነካበት ሰው በየሦስት ወሩ ትቀጥረዋለች፣ ድዱ ጤነኛ የሆነው ዓመት ቢቆይ አትቆጣም። ነፍሰ ጡሮችም እጥበት አይከለከሉም፤ ድዳቸው በሆርሞን የተነሳ ይበልጥ ስለሚቆጣ ያስፈልጋቸዋል፣ ለመቀመጥ የሚመቸው ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ነው።

ቅሬታም አለን፤ ቀጠሮዋ ሩቅ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት ያህል ስለምትይዝ በቀን የምታየው ጥቂት ነው፣ በስልክ "ዛሬ አስገቢኝ" የሚለው ልመናም አይሠራላትም። የክሊኒኩን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እንልካለን። ስትደውሉ ዋጋው ልኬቱንና ሁለተኛውን ምርመራ ያካትት እንደሆነ ጠይቁ። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ካርቶኑን ራሱን ያዙ፣ የቆየ ራጅ ካለም እንደዚያው። ስኳር ያለባችሁ ቁርሳችሁን በልታችሁ፣ መድኃኒታችሁን እንደወትሮው ወስዳችሁ፣ ጠዋቱን ቀጠሮ ያዙ።