ካራቫን ለመጎተትና በረሃ ለመውጣት፦ ሬንጀር፣ ሃይሉክስ፣ ዲማክስ ወይስ ትራይተን?

አውስትራሊያ ውስጥ የትኛውም የፒክአፕ መሸጫ ግቡ፣ ሻጩ ቶሎ የሚጠራላችሁ ቁጥር 3,500 ኪሎ ነው። ፎርድ ሬንጀር 3,500 ኪሎ ይጎትታል። ቶዮታ ሃይሉክስም 3,500። አይሱዙ ዲማክስም፣ ሚትሱቢሺ ትራይተንም፣ በ2025 ገበያ የገባው ኪያ ታዝማንም እንደዚያው። ሁሉም አንድ ቁጥር ከጠሩ ታዲያ ምኑን ነው የምናወዳድረው?

ሻጩ የማይጠራውን ቁጥር ነዋ! ይህን የምጽፈው ሜልበርንም ሆነ ፐርዝ ላላችሁ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ የምትሠሩበት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ልጆቹን ጭናችሁ ካራቫን (ተጎታች ቤት) እየጎተታችሁ የምትወጡበት የናፍጣ ዩት፣ ማለትም ፒክአፕ፣ ለመግዛት ለምታስቡ ነው። ብዙ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ ትልቁን ገንዘብ የሚያወጣው ለመኪና ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ረጋ ብለን እንሥራው።

ሁሉም ነገር ክብደት ላይ ነው

ሁለት ቁጥሮችን ያዙ። አንደኛው ጂቪኤም ይባላል። መኪናው ሰው፣ ዕቃና ነዳጅ ተጭኖበት ሊመዝን የተፈቀደለት ከፍተኛው ክብደት ነው። ሁለተኛው ጂሲኤም ነው። ይሄኛው መኪናውና ተጎታቹ አንድ ላይ ሲመዘኑ ሊያልፉት የማይገባቸው ጣሪያ ነው። ሬንጀር ባለ ስድስት ሲሊንደሩ (ቪ6) ሞተሩ 6,400 ኪሎ ጂሲኤም አለው። ትራይተን 6,250። ባለ 3 ሊትሩ ዲማክስ 6,000። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ የተሸጠው ስምንተኛው ትውልድ ሃይሉክስ በአውቶማቲክ 5,850 ነው።

አሁን ሃይሉክሱን እናስላው። 3,500 ኪሎ ካራቫን ካንጠለጠላችሁበት ለመኪናው የሚቀረው 2,350 ኪሎ ነው። መኪናው ባዶውን ከ2,100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የተረፈው 250 ኪሎ አይሞላም። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ገብተው ሲቀመጡ አለቀ። ፍሪጁ የለም፣ የፊት መከላከያ ብረቱ የለም፣ ትርፍ ውኃ የለም። ማስታወቂያው አልዋሸም። ግን 3,500 የሚጎትተው መኪናው ባዶ ለባዶ ሲሆን ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። የካራቫኑ አፍንጫ መንጠቆው ላይ ይጫናል። ይህ ክብደት ብዙ ጊዜ የተጎታቹን 10 በመቶ ያህል ነው። 3 ቶን ካራቫን ከሆነ 300 ኪሎ ገደማ መኪናው ጀርባ ላይ አረፈ ማለት ነው። ይህም ከጂቪኤሙ ላይ ይቆጠራል።

ከእውነተኛ ቤተሰብ ጋር እንሞክረው። አምስት ሰው፣ የፊት ብረት፣ ፍሪጅ፣ ሙሉ ነዳጅና የጉዞ ዕቃ ያለው ዩት 2,800 ኪሎ ቢመዝን አይግረማችሁ። ሬንጀሩ በባዶውም ከበድ ስለሚል 2,950 እንበለው። እንዲህ ሲሆን ትራይተንም ሬንጀርም 3,450 ኪሎ ገደማ ይቀራቸዋል። የትራይተን ጂቪኤም 3,200፣ የቪ6 ሬንጀር በአብዛኛው 3,350 ስለሆነ የመንጠቆውንም ጫና ይችሉታል። ዲማክስ በጂሲኤም በኩል 3,200 የሚቀረው ይመስላል። ነገር ግን ጂቪኤሙ 3,100 ኪሎ ነው። 2,800 ላይ የመንጠቆውን 320 ስትደምሩ 3,120 ይሆናል። ከጣሪያው በላይ ወጣችሁ። የሃይሉክስ ኤስአር5 ጂቪኤም ደግሞ 3,050 ነበር። እሱማ ከዚያም ቀድሞ ይሞላል።

ይህ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። ከተፈቀደው በላይ ጭኖ አደጋ የደረሰበት ሰው ኢንሹራንሱ ካሳውን ሊከለክለው ይችላል። ፍሬኑ ለዚያ ክብደት አልተሠራም። የኋላ ጎማና ባሌስትራ ከልክ በላይ ሲጫን የፊት ጎማ ይቀላል። የፊት ጎማ ሲቀልል መሪ አይታዘዝም። ከኋላ የተቀመጡት ልጆቻችሁ ናቸው።

ባሌስትራ ቀይሮ ጂቪኤም ማሳደግ ይቻላል። በሕጋዊ መንገድ የሚሠሩት አሉ። ግን ጂቪኤም አደገ ማለት ጂሲኤም አደገ ማለት አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱም ምን ያህል እንደሚሆኑ በጽሑፍ ጠይቁ። አዲሱን ቅርጽ ሃይሉክስ የምትገዙም ከሆነ የዚያችኑ መኪና ጂሲኤም በጽሑፍ አስይዙ። የአሮጌውን ቁጥር ይዛችሁ አትግዙ።

ሞተሩ

ቪ6 ሬንጀር 184 ኪሎዋት ኃይልና 600 ኒውተን ሜትር የማሽከርከር ጉልበት ይሰጣል፣ ካምቢዮው ባለ 10 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ከባድ ካራቫን ለሚጎትት እኔ ያለ ማመንታት የምመርጠው እሱን ነው። ከአደሌድ ወደ ሜልበርን ስትመለሱ የሳውዝ ኢስተርን ፍሪዌይን ዳገት ታውቁታላችሁ። 3 ቶን ከኋላ ይዞ እዚያ ላይ የሚያስጨንቅና የማያስጨንቅ ሞተር ይለያል። በሚመጣው ወር ብቻ ሳይሆን መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላም ትልቅ ሞተር በትንሽ ድካም መሥራቱ ጥቅም አለው። ወደ አደሌድ ስትወርዱ ደግሞ ያው መንገድ ረጅም ቁልቁለት ነው። እዚያ ላይ ፍሬን ረግጦ መቆየት አይቻልም፣ ይግላል። ዝቅ ባለ ማርሽ መውረድ ነው። ጥሩ ካምቢዮ ያለው መኪና እዚህ ላይ ያስመሰግናል።

ሬንጀሩን የነደፉት አውስትራሊያ ውስጥ ነው፣ የሚገጣጠመው ታይላንድ። በ2023ም በ2024ም የአገሪቱ ቁጥር አንድ ሽያጭ እሱ ነበር። ቮልስዋገን አማሮክ ያው የሬንጀር ወንድም ነው። ቪ6ቱም ያው 184 ኪሎዋትና 600 ኒውተን ሜትር ነው። ውስጡ ይበልጥ ያማረ ይመስለኛል። መልኩን የወደደ ይግዛው። ራፕተር የሚባለውን ሬንጀር ግን ለመጎተት አታስቡት። ቪ6ቱ ቤንዚን ነው፣ የሚጎትተውም 2,500 ኪሎ ብቻ ነው።

ዲማክስ 140 ኪሎዋትና 450 ኒውተን ሜትር ነው። በወረቀት ላይ ደካማ ይመስላል። ሰዉ ግን የሚወደው ስለማይቸኩል ነው። አገር ቤት አይሱዙ ስንል ጤፍና ሲሚንቶ የሚጭነው የጭነት መኪና ነው ትዝ የሚለን። የዚሁ ሞተር ቤተሰብ በአይሱዙ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይም ሠርቷል። 3 ሊትር ሆኖ ከዚህ በላይ ጉልበት እንዲያወጣ ስላልተጨነቀ ዕድሜው ይረዝማል ብለው የሚያምኑት ብዙ መካኒኮች ናቸው፣ እኔም አምናለሁ። ድምፁ ሻካራ ነው። ዳገት ላይ ይጮኻል። ግን ይወጣል። ማዝዳ ቢቲ-50 የሚባለው በአካልም በሞተርም ያው ዲማክስ ነው፣ ልዩነቱ ፊቱና ዋስትናው ላይ ነው። ከሁለቱ በዋጋ የተሻለውን ግዙ።

ትራይተን በ2024 አዲስ ሆኖ ከመጣ ወዲህ ሰው ሊያየው ሲገባ ያልፈዋል። ባለ 2.4 ሊትር መንታ ቱርቦ ሞተሩ 150 ኪሎዋትና 470 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ከቪ6 ሬንጀር በብዙ ይረክሳል። በሚትሱቢሺ ጋራዥ ብቻ ሰርቪስ ካስደረጋችሁት ዋስትናው እስከ 10 ዓመት ወይም 200,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የዲማክስ 6 ዓመት ወይም 150,000፣ የኪያ 7 ዓመት፣ የሬንጀር 5 ዓመት ነው። የመጀመሪያ አዲስ መኪናውን በብድር ለሚገዛ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሃይሉክስ 150 ኪሎዋትና 500 ኒውተን ሜትር አለው፣ በአውቶማቲክ። ስሙን ለማንም ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ትልቁ ጥቅሙ ከሞተሩ ይልቅ ከኋላው ያለው ድርጅት ነው። ራቅ ባለ ከተማ መለዋወጫውም የሚያውቀው መካኒክም ይገኛል። ሲሸጥም ዋጋው ቶሎ አይወርድም። ለከባድ ካራቫን ግን ምርጫዬ አይደለም፤ ምክንያቱን ከላይ አይታችሁታል።

ታዝማን 154 ኪሎዋትና 440 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የኋላ ወንበሩ ሰፊ ነው፣ ወደ ኋላም ይጋደማል። ትልልቅ ልጆች ያሉት ሰው ሄዶ ይቀመጥበት። አዲስ ስለሆነ ግን እኔ ሁለት ዓመት ልጠብቀው እላለሁ።

የጥላሸት ማጣሪያው

ይሄን ሳትሰሙ ናፍጣ እንዳትገዙ። ዛሬ የሚሸጥ የናፍጣ መኪና ሁሉ ዲፒኤፍ የሚባል የጥላሸት ማጣሪያ አለው። ማጣሪያው ሲሞላ ራሱን የሚያጸዳው በሙቀት ነው። ለዚያ ደግሞ መኪናው ረዘም ላለ ጊዜ በፍሪዌይ ፍጥነት መሄድ አለበት። ሜልበርን ውስጥ ከፉትስክሬይ ሰንሻይን፣ ከሰንሻይን ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቤት እያለ የሚውል መኪና አይሞቅም። ማጣሪያው ይታፈናል፣ መብራት ይበራል፣ መቀየሩም ውድ ነው።

ከ2015 እስከ 2020 የተሸጡ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች፣ ሃይሉክስን ጨምሮ፣ በዚህ ማጣሪያ ምክንያት ፍርድ ቤት ደርሰዋል። የፌዴራል ፍርድ ቤቱ በ2022 እንከን እንዳለባቸው ወሰነ። የካሳው ክርክር በ2024 እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄዷል። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የዚያን ጊዜ መኪና ማጣሪያው ተስተካክሎ እንደሆነ ማስረጃ ጠይቁ።

አጠቃቀማችሁ አጭር የከተማ ጉዞ ከሆነና ካራቫኑ በዓመት አንዴ ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ ናፍጣ ለእናንተ አይደለም ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። ቤንዚን ወይም ሃይብሪድ ግዙ፣ ካራቫኑንም ቀለል ያለ አድርጉ።

ከአስፋልት ሲወጡ

ቪ6 ሬንጀርና የላይኛዎቹ ትራይተኖች ደረቅ አስፋልት ላይም በአራት ጎማ መንዳት ይችላሉ። ዲማክስና ስምንተኛው ሃይሉክስ አይችሉም። አሸዋ፣ ጭቃ ወይም ኮረኮንች ላይ ስትደርሱ ነው የምታስገቡት። ደረቅ አስፋልት ላይ ካስገባችሁት ዲፈረንሻሉ ይጨነቃል። ዝናብ ላይ ካራቫን ለሚጎትት ወይም እርጥብ መውረጃ ላይ ጀልባ ለሚያወጣ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚሰጡት እርጋታ በእርግጥ ይሰማል።

ውኃ ስትሻገሩ ሬንጀርና ዲማክስ እስከ 800 ሚሊ ሜትር፣ ስምንተኛው ሃይሉክስ እስከ 700 ድረስ ተፈቅዶላቸዋል። ሁሉም ባሌስትራ ያላቸው ጠንካራ ሻንሲዎች ናቸው። እንደ ጊብ ሪቨር ሮድ ያለ፣ መሬቱ መስመር መስመር እያለ መኪና የሚያንቀጠቅጥ መንገድ ላይ ከመኪናው ስም ይልቅ የጎማ አየር ይበልጣል። አየሩን ቀንሱ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ መኪናውም ጀርባችሁም ይተርፋል።

ነዳጁንም አስቡት። ሬንጀርና ሃይሉክስ 80 ሊትር፣ ዲማክስ 76፣ ትራይተን 75 ሊትር ይይዛሉ። ትልቅ ካራቫን ስትጎትቱ በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ሊትር ልትጨርሱ ትችላላችሁ። በነፋስ ላይ ከሆነ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጋን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ብላችሁ አቅዱ። ወደ ፐርዝ በሚወስደው የናላርቦር መንገድ ላይ ይበቃል። ታናሚ መንገድ ወይም ሲምፕሰን በረሃ ላይ ግን ትርፍ ጋን ያስፈልጋል። ትርፍ ጋኑም ይመዝናል፣ ከጂቪኤሙ ላይ ይቀነሳል።

እኔ ብሆን

ካራቫኔ ከ2.5 ቶን በላይ ቢሆን ቪ6 ሬንጀር። ከ2 ቶን በታች ቢሆንና ብዙ ኮረኮንች ብወጣ ዲማክስ። በጀቴ ጠበብ ቢል፣ ወይም መኪናውን አሥር ዓመት ልይዘው ባስብ ትራይተን። ሥራዬ ራሱ ሩቅ አገር፣ ከከተማ ውጭ ቢሆን ሃይሉክስ። በ2 እና በ2.5 ቶን መካከል ያላችሁ ትራይተኑንና ሬንጀሩን ሁለቱንም ንዷቸው፣ ልዩነቱን ዳገት ላይ ታገኙታላችሁ።

ለመሞከር ስትሄዱ የልጆቹን ወንበር ይዛችሁ ሂዱ፣ ግጠሙት። ካራቫን ካላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ሙሉ ውኃና ዕቃ ጭናችሁ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የመኪና ሚዛን ላይ አስመዝኑት። በካራቫኑ ላይ ከተለጠፈው ባዶ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደጨመረ ስታዩ ምርጫችሁ ሊቀየር ይችላል። ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተጎታች የራሱ ፍሬን ያስፈልገዋል። ከ2,000 ኪሎ በላይ ከሆነ ደግሞ ፍሬኑ በሁሉም ጎማ ላይ መሆን አለበት፣ ከመኪናው ቢላቀቅም ራሱን የሚያቆምበት መሣሪያ ይኑረው ይላል ሕጉ። የፍሬን መቆጣጠሪያው ብዙ ጊዜ ከመኪናው ጋር አይመጣም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መንጠቆውንም መቆጣጠሪያውንም በዋጋው ውስጥ እንዲያስገቡላችሁ ተደራደሩ። ሻጩ እሺ የሚለው ያኔ ነው።