ለቤተሰብ የሚሰፋ ገበር ያለው ካፖርት፦ የትኛው ገበር ለየትኛው ሰው?

በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖሩ እናቱ ወይም አባቱ ካፖርት ለማሰፋት የሚነሣ ሰው ሐሳቡን ሁሉ ለውጪኛው ጨርቅ ቀለምና ለቅዱ ይሰጥና፣ ገበሩን በሚመለከት «እርስዎ እንዳመቸዎት ያድርጉት» ብሎ ለልብስ ሰፊው ይተወዋል። ልብስ ሰፊውም በእጁ ያለውን፣ ለዓይን የሚያምረውን አንጸባራቂ ሳቲን ያስገባል፤ ደንበኛው ሌላ አልጠየቀምና በዚህ አይወቀስም። ይሁን እንጂ ካፖርቱ ጧት ሲለበስ ገላን የሚያገኘው፣ እጅ ሲገባበት የሚያንሸራትተው ወይም የሚይዘው፣ ብዙውን ጊዜም ከውጪኛው ጨርቅ ቀድሞ የሚቀደደው ገበሩ ስለሆነ፣ ይህ ንጽጽር ከውስጥ ተነሥቶ ወደ ውጪ ይሄዳል።

አስቀድሞ ብርዱን መለየት ያስፈልጋል። ከአቃቂ ሜዳ እስከ እንጦጦ ጋራ አናት ወደ 1,000 ሜትር የሚደርስ የከፍታ ልዩነት አለ፤ አየሩ ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ የሚበቃ ካፖርት ሱሉልታ ላይ ላይበቃ ይችላል። ብርዱም አንድ ዓይነት አይደለም። የሐምሌና የነሐሴ ብርድ እርጥብ ነው፤ ልብስ ታጥቦ ለቀናት ሳይደርቅ ይከርማል። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ግን ደረቅ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ስለሚያድር ሜዳው ላይ ውርጭ ይወርዳል፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ካፖርቱን ታስወልቃለች። እንግዲህ ገበሩ ሁለቱንም ወራት መቻል ይኖርበታል።

ሳቲን የሚባለው በገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው ከፖሊስተር የተሠራው ነው። ትልቁ በጎነቱ ማንሸራተቱ ነው፤ በሹራብ ላይ ያለ ትግል ይለበሳል፣ የካፖርቱንም አወራረድ ያሳምራል። ፖሊስተር ከክብደቱ 1 በመቶ እንኳ የማይሞላ እርጥበት ስለሚይዝ ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን ላብም አይቀበልምና ዳገት የወጣ ሰው ጀርባ ላይ ይጣበቃል፣ በማለዳም ሲነካ ይቀዘቅዛል። በመልክ የሚመስለው፣ ከእንጨት ቃጫ የሚሠራው ቪስኮስ እርጥበት ስለሚቀበል ለገላ የተሻለ ነው፣ ሲረጥብ ግን ጥንካሬው በእጅጉ ስለሚቀንስ በጥንቃቄ መታጠብ አለበት። ሁለቱ በተመሳሳይ ዋጋ ከቀረቡልኝ ቪስኮሱን እወስዳለሁ።

ለፒጃማና ለሕፃናት ልብስ የሚውለው፣ ፊቱ ለስለስ ያለው የጥጥ ፍላኔል ገና ሲለበስ ይሞቃል፤ በፀጉሩ መካከል አየር ስለሚይዝ ሙቀትን ያቆያል። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሹራብን እጅጌ ይዞ ወደ ላይ ይሰበስባል፤ ትከሻቸውን ለሚያማቸው አረጋዊ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ ውኃ ከጠጣ በክረምት ለመድረቅ ይዘገያል። ከዚህ በተጨማሪ ጥጥ በመጀመሪያ እጥበት ስለሚሰበሰብ፣ ሳይቆረጥ በፊት ታጥቦ መድረቅ አለበት፤ አለዚያ ካፖርቱ ከታጠበ በኋላ ገበሩ አጥሮ የውጪውን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጎትታል።

ፍሊስ በመባል የሚታወቀው ፀጉራም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከሦስቱ ይልቅ ለክብደቱ የበለጠ ይሞቃል፣ ቶሎም ይደርቃል። ሆኖም ወፍራም በመሆኑ እጅጌን ያጠብባል፤ ሹራብንም እንደ ፍላኔሉ ይይዛል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሳት ነው። ጧትና ማታ ከከሰል ማንደጃ አጠገብ ለሚቀመጡ እናት፣ ወይም ሌሊት ጉቶ አንድደው ግቢ ለሚጠብቁ አባት፣ ፍንጣሪ ሲያርፍበት ቀልጦ ገላ ላይ ሊጣበቅ የሚችል ጨርቅ ማልበስ አይገባም። ለተማሪ ልጅ ግን ጥሩ ምርጫ ነው፤ ልጅ ልብሱን ቶሎ ያቆሽሻል፣ ፍሊስም ማታ ታጥቦ ብዙ ሳይቆይ ይደርቃል።

የእኔ ምርጫ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይደለም። ለአካሉ ፍላኔል፣ ለእጅጌዎቹ ሳቲን ወይም ቪስኮስ ይሰፋ። ሙቀት የሚያስፈልገው ደረትና ጀርባ ላይ ነው፤ መንሸራተት የሚያስፈልገው ደግሞ እጅጌ ውስጥ ነው፤ ሁለቱ ጨርቆች የሚገናኙትም እጅጌው በሚገጠምበት ስፌት ላይ ብቻ ስለሆነ ከውጪ የሚታይ ነገር የለም። አንዳንድ ልብስ ሰፊዎች «ሁለት ዓይነት ገበር አያምርም» ብለው ያንገራግራሉ፤ ገበሩን የሚያየው ለባሹ ብቻ መሆኑን በትሕትና ማስረዳት ይበቃል። ሱሉልታን ለመሰለ ቦታ ከገበሩና ከውጪው መካከል ለጀርባና ለደረት ብቻ ቀጭን የሱፍ ጨርቅ ማስገባት ይቻላል። በዚያ ፈንታ አሮጌ ጋቢ ቆርጦ ማስገባት ሐሳቡ ደስ ቢልም፣ ድርቡ ጥጥ ካፖርቱን ያከብደዋል፣ ዝናብ ካገኘውም ሳምንቱን ሙሉ ርጥብ ሆኖ ይሰነብታል።

ወደ ውጪኛው ጨርቅ ስንመጣ ምርጫው አጭር ነው። ሱፍ ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ይዞ እንኳ ሲነካ ርጥብ አይመስልም፣ በቀላሉም አይነድም፤ አቅም ከፈቀደ ገንዘቡ እዚህ ላይ ይውጣ። የሱፍና የፖሊስተር ቅይጥ ሁለተኛ ነው፤ የሱፉ ድርሻ ከግማሽ ካላነሰ ብዙ አይከፋም። የጥጥ ጀበርዲን ነፋስ ይመክታል፣ ብቻውን ግን አይሞቅም። መርካቶ ውስጥ ሁሉም «ንጹሕ ሱፍ» ተብሎ ስለሚሸጥ፣ ከጨርቁ ጠርዝ ጥቂት ክር መዝዞ ማቃጠል አስተማማኝ ፈተና ነው። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ከእሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል። ቅይጥ ከሆነ ሽታውም ፍሬውም አብረው ይታያሉ። ሻጩ ይህን ከከለከለ ሌላ ሱቅ አለ።

አዲስ ከማሰፋት ይልቅ የሳልቫጅ ካፖርት ገዝቶ ገበሩን ብቻ ማስቀየር ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ሊናቅም አይገባውም። ከነዚህ ካፖርቶች መካከል ውጪያቸው ጥሩ ሱፍ ሆኖ ገበራቸው ብብቱ ላይ የተቀደደ ይገኛሉ። አሮጌው ገበር በጥንቃቄ ተፈትቶ ለአዲሱ መቁረጫ ልክ ስለሚሆን ሥራው ይቀልላል። ሲገዛ ግን ሁለት ነገር ይታይ። ጨርቁ ወደ ብርሃን ተይዞ ብል የበሳው ቀዳዳ እንዳለው ይፈተሽ፤ ትከሻውም በትክክል ይግጠም፤ ወገብና ርዝመት ይስተካከላሉ፣ ትከሻ ግን ካፖርቱን እንደ አዲስ ካልፈቱት አይስተካከልም።

ማሰፋቱ ከተመረጠ፣ ወርዱ 150 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቅ ለአንድ አዋቂ እስከ ጉልበት ለሚደርስ ካፖርት ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ይበቃል፤ ገበሩ ከዚህ ጥቂት ያንሳል፣ ወርዱ ጠባብ ከሆነ ግን ይጨምራል። ሱፉ ከመቆረጡ በፊት በርጥብ ጨርቅ ላይ በካውያ በእንፋሎት መተኮስ አለበት። ልኬቱ በሸሚዝ ላይ ሳይሆን ለባሹ በብርድ ቀን በሚደርቡት ሹራብ ላይ ይወሰድ፤ ደረቱም ከገላው ልክ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይስፋ። የገበሩ ጀርባ መሐል ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር እጥፋት መተው አለበት፤ እጅ ወደ ፊት ሲዘረጋ ገበሩን ከመቀደድ የሚያድነው ይህ እጥፋት ነው። ጨርቅ ለመቆጠብ ሲባል በመጀመሪያ የሚቀረውም እርሱ ስለሆነ፣ ካፖርቱን ሲያዝዙ በግልጽ ይናገሩት። ለልጅ ከሆነ የእጅጌውና የታችኛው ጠርዝ እጥፋት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተውለት፤ በሚቀጥለው ዓመት ይፈታል።

የመጀመሪያው ልክ ገበሩ ሳይገባ በፊት መሆን አለበት። እናትዎን ይዘው ይሂዱና ካፖርቱን በሹራባቸው ላይ ለብሰው እጃቸውን ወደ ላይ እንዲያነሡ፣ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ፣ ቁልፉንም ራሳቸው እንዲቆልፉ ያድርጉ። በዚያ ሰዓት የታየ የትከሻ ወይም የብብት ጉድለት ጥቂት ስፌት በመፍታት ይታረማል፤ ገበሩ ከተዘጋ በኋላ ከሆነ ግን ልብስ ሰፊው ሁሉንም መፍታት ስለሚኖርበት ወይ ተጨማሪ ይጠይቃል፣ ወይም ደህና ነው ብሎ ይሸኝዎታል።