ሁለት ክረምት የቻለ ቅብ፦ ጎንደር ላይ ቤቴን ከውጪ ስለቀቡልኝ ባለሙያዎች

ጨጨላ ያለው የወላጆቼ ቤት ግድግዳው የጭቃ ምርጊት ነው፤ በሩ፣ መስኮቱና የበረንዳው ምሰሶ ግን ጥድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሦስት ሆነው የሚሠሩ ቀለም ቀቢዎች ከውጪ ቀብተውልኛል። አስተያየቴን ያኔውኑ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ አዲስ ቅብ በመጀመሪያው ወር ሁሉም ያምራል፣ እንጨቱን መጠበቅ አለመጠበቁ የሚለየው ግን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ከገረፈው በኋላ ነው። አሁን ሁለት ክረምት አልፎበታል።

ከእነሱ በፊት ያሠራሁት ሰው ክፉኛ ጎድቶኝ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ፣ ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ ተብሎ፣ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ በከረመ እንጨት ላይ የዘይት ቀለም ደረበበት። በጥቅምት ፀሐዩ ሲበረታ ውስጥ የታፈነው እርጥበት ቀለሙን አሳበጠው፤ ከዚያም ቅርፊቱ ተሰነጣጠቀ። የተሰነጠቀ ቅብ ካልተቀባ እንጨት ይብሳል፤ በስንጥቁ የገባውን ውሃ ያልረገፈው ቀለም ሸፍኖ ይይዘዋልና እንጨቱ ቶሎ አይደርቅም።

እነዚህኞቹ በመጀመሪያው ቀን አንድም ቆርቆሮ ቀለም አልከፈቱም። ዋናው ቀቢ ወስፌ ይዞ ቤቱን ዞረ፤ እያንዳንዱን መቃንና ደፍ ወጋ ወጋ እያደረገ አየ። የላይኛዎቹ ጠጣር ነበሩ። የማዕድ ቤቱ መስኮት የታችኛው ደፍ ላይ ሲደርስ ግን፣ ከላይ ምንም ጉድለት የማይታይበት ቀለም ሥር ወስፌው ያለ ትግል ግማሽ ጣት ያህል ሰመጠ። ደፉ በስብሷል። «ጋሼ፣ ይህን ቀብቼ ብሄድ እርስዎን ማታለል ነው፤ መጀመሪያ አናጢ ይጥሩ» አለኝ። የበሰበሰው ተቆርጦ በደረቅ ዋንዛ ተተካ።

ብስባሴ የሚመጣው የሻጋታ ዘመድ ከሆነ ፈንገስ ነው፤ ፈንገሱም ያለ ውሃ አይኖርም። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ እንጨት አይበሰብስም፤ የውጪ ቅብ ዋና ሥራም እንጨቱ ከዚህ ልክ እንዳያልፍ መከላከል ነው። ሌላው ጠላት ፀሐይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ የማይታየው የፀሐይ ጨረር (አልትራቫዮሌት) ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ይህ ጨረር የእንጨቱን ቃጫዎች አጣብቆ የያዘውን ንጥረ ነገር ስለሚያፈርሰው ላዩ ግራጫ ይሆናል፣ ይሻክራል፤ በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ ቀለም አይቆነጥጥም። ስለዚህ እስከ ጤናማው እንጨት ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት፤ ከሥራው ቀናት ገሚሱን የወሰደውም ይህ ነው። እኔ የጥዱ መልክ እንዳይጠፋ ቫርኒሽ ፈልጌ ነበር፤ ዋናው ቀቢ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር እንደ ቀለም ከፀሐይ እንደማይጋርድ አስረድቶ አስተወኝ።

ከሁሉ ያደነቅሁት የመስኮት መዝጊያዎቹን አያያዝ ነው። ከማጠፊያቸው ነቅለው ገለበጧቸውና የታችኛውን ጠርዝ፣ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየውን፣ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን መነሻ ቅብ) ያጠጡት ጀመር። እንጨት እንደታሰረ የሸምበቆ ነዶ ነው፤ ውሃ በጎኑ ቀስ እያለ ይገባል፣ በተቆረጠው ጫፉ ግን ሽቅብ ይሳባል። የመጀመሪያው ዙር ብሩሹ እንደተነሣ ጠፋ፤ ሁለተኛው ትንሽ ቆየ፤ ሦስተኛው ላዩ ላይ እያብረቀረቀ ቀረ። ዋናው ቅብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም አንድ ወፍራም ሳይሆን ሁለት ስስ ዙር፣ ፀሐዩን ተከትለው ሳይሆን ጥላውን ተከትለው።

ጉድለት አላጣሁባቸውም። በስምንት ቀን ተዋውለን አሥራ ሦስት ቀን ፈጀባቸው፤ መስታወቱ ላይ የተንጠባጠበውን ቀለምም ካሳሰብኳቸው በኋላ ነው የጠረጉት። የእጅ ዋጋቸው ካነጋገርኳቸው ሌሎች ሁሉ የበለጠ ነበር፤ የደፉን ነገር ሳስብ ግን አይቆጨኝም። የበረንዳውን ምሰሶ እግር በተመለከተ ግን ቅር ብሎኛል፦ እግሩ አፈር ውስጥ የተተከለ ምሰሶ እርጥበትን ከታች ስለሚስብ ላዩን መቀባት ብቻ አይበቃውም፤ ይህን ሊነግሩኝ ሲገባ ዝም ብለው ቀቡት።

በዚህ መስከረም እኔም ወስፌ ይዤ ዞርኩ። ዝናቡ በሚገርፈው ጎን ያሉት መስኮቶች ጠጣር ናቸው፤ የታች ጠርዛቸውም አልላላም። የአንዱ ምሰሶ እግር ላይ ግን ቀለሙ ሁለት ጣት ያህል ተነሥቷል። አናጢው ምሰሶውን ከአፈር አውጥቶ በድንጋይ መሠረት ላይ እንዲያቆመው ተስማምተናል፤ እንጨቱ በበጋው በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ ሰኔ ሳይገባ፣ ቅቡን የምሰጠው ለእነዚሁ ልጆች ነው።