ካርዱን ሳይሆን ደብተሩን እዩ፦ ስለ ከተማችን ሃይስኩል

የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ከተሰጠ ወዲህ ሱቄ የሚመጡ ሦስት እናቶች አንድ ዓይነት ነገር ጠይቀውኛል፣ ልጃችን ዘንድሮ ስምንተኛ ናት፣ ለከርሞ እዚሁ ሃይስኩል ትግባ ወይስ እንደምንም ብለን ደብረ ብርሃን ግል ትምህርት ቤት እናስገባት ነው ጥያቄው። ዕቃ እየመዘንኩ የመለስኩላቸው ግማሽ ግማሽ ስለሆነ እስቲ እዚህ አስፋፍቼ ልጻፈው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ ሃይስኩሉ የመንግሥት ነው፣ ያለውም እሱ አንድ ብቻ ነው። እኔ ራሴ እዛ ነው የተማርኩት፣ ዘጠነኛ የገባሁት በ1999 ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ ደሞ የወንድሜንም የእህቴንም ካርድ የምፈርመው፣ የወላጅ ስብሰባም የምሄደው እኔ ነኝ። ወንድሜ አምና አስራ ሁለተኛን ተፈትኖ ወጥቷል፣ እህቴ አሁን አስረኛ ናት።

ከጥሩው ልጀምር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ትምህርት ቤቱን ሲያማ ብቻ ነው የምሰማው። እዛ ግቢ ውስጥ በጣም ጎበዝ የሆኑ መምህራን አሉ። አንድ የፊዚክስ መምህር አለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ያለ አንድ ሳንቲም ቲቶሪያል ይሰጣል፣ ደሞዝ በዘገየበት ወር እንኳ ቀርቶ አያውቅም። እህቴ ስለሱ ስትናገር "ቲቸር ሲገባ ደወሉ ባይደወል እንላለን" ትላለች፣ እኔ ለፊዚክስ እንደዛ የተባለ ሰምቼ አላውቅም። ባዮሎጂም ጥሩ መምህርት አለች፣ ሴቶቹ ልጆች የሚስጥር ነገር ሲኖራቸው የሚሄዱት እሷ ጋ ነው። ላይብረሪው አሮጌ ነው፣ ግን ይከፈታል፣ ላይብረሪያኑ ከትምህርት ሰዓት ውጪም ልጅ ካለ አይዘጋም። ይሄን የምለው አንዳንድ ወላጅ ላይብረሪ እንዳለ ራሱ ስለማያውቅ ነው።

በሌላ በኩል ደሞ ልጆቹ በምሬት የሚናገሩት "ኖት አስጽፎ ሄደ" የሚባል ነገር አለ። መምህሩ ወረቀቱን ለክፍል አለቃው ይሰጠዋል፣ አለቃው ብላክቦርድ ላይ ይገለብጣል፣ ሌላው ይጽፋል፣ አርባ ደቂቃው አለቀ በቃ። ጥያቄ የጠየቀ ልጅ "ቤትህ ሂደህ አንብበው" ይባላል። እንደዚህ የሚያደርጉት ሁሉም አይደሉም፣ ግን በአንድ ሴሚስተር ሁለት ሦስት እንደዚህ ዓይነት መምህር የደረሰው ሴክሽን ያው አለቀለት ማለት ነው። ስለዚህ ልጃችሁ የትኛው ሴክሽን እንደተመደበች፣ ማን ምን እንደሚያስተምራት መስከረም ላይ ጠይቁ፣ ለማስቀየር ይከብዳል፣ ግን ክፍተቱ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወንድሜ ከዘጠነኛ ጀምሮ ከክፍሉ ከአምስተኛ ወርዶ አያውቅም። አስራ ሁለተኛ ላይ አማካዩ 88 ሆኖ ሦስተኛ ወጣ፣ እማዬ ዳቦ ደፍታ ጎረቤት ጠራች፣ እኔም ሱቁን ዘግቼ ገባሁ፣ ሁላችንም ልጁ ኢንጂነር ሆኗል ብለን ጨርሰናል። ከዛ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄዶ ተፈተነ፣ መስከረም መግቢያ ላይ ውጤት ወጣ፣ ከ600ው 238። ማለፊያው 300 ነው። ካርዱ ላይ ሂሳብ 91 የሚል ነው፣ አገር አቀፉ ላይ ያገኘው 31 ነው። ልጁ ሦስት ቀን ሙሉ ቃል አልወጣውም፣ እማዬ ለሚጠይቅ ሁሉ ራሱን አሞት ነው እያለች መለሰች። እኔ ደሞ እሱ ተኝቶ ሳለ የሂሳብ ደብተሩን አውጥቼ ገለጥኩት። የመጨረሻው ኖት የተጻፈው ጥር ላይ ነው። ከጥር በኋላ ያለው ሁለት ወርክሺት ብቻ ነው፣ እነሱም አልታረሙም። መጽሐፉን ሳየው ደብተሩ የደረሰው ገና ግማሹ ጋ ነው። እኔ በየሴሚስተሩ ካርድ ላይ ስፈርም ኖሬ አንድ ቀን ደብተሩን ገልጬ አይቼ አላውቅም ነበር፣ ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እዛው የሚያስተምር አንድ መምህር ሱቅ ሲመጣ በግልጽ ጠየቅኩት፣ እሱም ሳይደብቅ ነገረኝ። ከመቶው ትልቁ ድርሻ በኩዊዝ፣ በአሳይመንት፣ በግሩፕ ወርክ፣ በደብተር አያያዝ ነው የሚሰጠው፣ ፋይናሉ የሚይዘው ቀሪውን ነው። ግሩፕ ወርኩን አንድ ቀለሜ ይሠራዋል አምስቱም እኩል ያገኙበታል፣ አሳይመንት ከአምናው ተማሪ ይገለበጣል። ፋይናል ላይ ደሞ በአንድ ዴስክ ሦስት ልጅ ተቀምጦ ኩረጃን ማን ይቆጣጠረዋል። መምህሩ ብዙ ልጅ ከጣለ ደግሞ የሚጠየቀው እሱ ነው፣ ለምን ወደቁ፣ ምን ድጋፍ አደረግህ፣ ሪፖርት አምጣ፣ እና ከመከራከር ማርኩን ሞላ አድርጎ መስጠት ይቀለዋል። ልጁ ደስ ይለዋል፣ ወላጅ ደስ ይለዋል፣ ወረዳውም ደስ ይለዋል፣ እንደዛ እየተባለ አስራ ሁለተኛ ይደረሳል።

ይሄ የኛ ከተማ ጉድ ብቻ አይደለም፣ የአገሩን ቁጥር ያየ ሰው ይገባዋል። ድሮ ፈተናው በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ መልሱ በስልክ ይዞር ነበር፣ ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሆነና ሁሉም ነገር ተገለጠ፣ በዛ ዓመት በመላ አገሪቱ 50 ከመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነው፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ አምና በ2017 ደግሞ 8.4። ከ2014 እስከ 2016 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከሺህ በላይ ነበሩ። የኛው ያሳለፋቸው ልጆች አሉ፣ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው ግን አሉ፣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ሁሉም የቅዳሜው ቲቶሪያል ልጆች ናቸው፣ ሁሉም ላይብረሪ ሲያመሹ የነበሩ ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ አንዷ ካርዷ ላይ ደረጃዋ አስራ አንደኛ ነበር። አስራ አንደኛ! ከወንድሜ ስምንት ደረጃ ዝቅ ብላ ማለት ነው።

ስለ ትምህርት ቤቱ በጣም የሚያመሰግኑ ወላጆች ደሞ አሉ፣ የነሱንም ልንገራችሁ። ቅዳሜ ገበያ የሚመጡ አንዲት እናት አሉ፣ ቀበሌያቸው ከከተማው በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ እዛ ሃይስኩል የለም። ልጃቸው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚማረው፣ እሳቸው በየሳምንቱ በሶውን ቆሎውን ድርቆሹን በአህያ ጭነው ያመጡለታል፣ አንዳንዴ እንጨትም ይጨምራሉ። "መምህሮቹ አባት ሆነውታል ልጄ፣ አንድ ቀን ቢቀር የት ነበርክ ይሉታል" አሉኝ። እውነትም ነው፣ የገጠር ልጆቹን የሚከታተል የክፍል ኃላፊ አለ፣ አንዱ ልጅ ታሞ የተከራየው ክፍል ውስጥ ተኝቶ ያገኘው እሱ ነው፣ ጤና ጣቢያ ይዞት ሄደ። እንግዲህ ለኚህ እናት ግል ትምህርት ቤት የሚባል ምርጫ የለም፣ ይሄ ትምህርት ቤት ባይኖር ልጁ ከስምንተኛ በኋላ እርሻ ላይ ነበር። የገጠሮቹ ልጆች ያለባቸው ችግር ሌላ ነው፣ ራሳቸው ጋግረው፣ ውሃ ቀድተው፣ ልብስ አጥበው፣ ማታ መብራት ከጠፋ በቃ ማጥናት የለም። ለአጨዳ ተብሎ የሚቀረው ቀንም አለ፣ አረም አላለቀም ተብሎም መስከረም ላይ ዘግይተው ይመጣሉ።

ሴቶቹን ስትጠይቋቸው መጀመሪያ የሚያነሱት ሽንት ቤት ነው። ቧንቧ አለ ውሃ የለውም፣ ከሴቶቹ ሽንት ቤት ሁለቱ በሮች አይዘጉም። የወር አበባ በሚመጣበት ሰሞን እህቴ ራሷ ሁለት ቀን ትቀራለች፣ በወር ሁለት ቀን በዓመት ስንት እንደሚሆን ቁጠሩት። ያቺ የባዮሎጂ መምህርት አንድ ትንሽ ክፍል አስፈቅዳ ሞዴስ እንዲቀመጥበት አድርጋ ነበር፣ ስታስጀምረው ሰው አዋጣ፣ ከዛ አለቀና ቀረ። እኔ ከሱቁ በየወሩ የተወሰነ ፓኬት እሰጣለሁ፣ ሌላም ባለሱቅ ቢጨምርበት ትልቅ ነገር ነው፣ የምሬን ነው የምለው።

ስለ ዕቃው በአጭሩ። እኛ ስንማር ፕላዝማ ነበር፣ በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት፣ አስተማሪው እንግሊዝኛውን እያፈጠነ ሲያልፍ እኛ ርዕሱን እንኳ ጽፈን አንጨርስም ነበር፣ አሁን የብረት ሳጥኑ ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። የኬሚስትሪ ላብ እንደተቆለፈ ነው። ኮምፒውተር ክፍል ከሚሠራው የማይሠራው ይበዛል። መጽሐፍ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ጀምሮ ለሦስት ልጅ አንድ ነው፣ እህቴ ሰኞና ማክሰኞ ይዛ ትገባለች ከዛ ለጓደኛዋ ታስተላልፋለች። "በቴሌግራም ፒዲኤፉ አለ" ይሏቸዋል፣ ስንቱ ልጅ ነው ስማርት ስልክ ያለው። እኔ ሂሳቡንና እንግሊዝኛውን ፎቶ ኮፒ አስደርጌ አስጠረዝኩላት፣ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው።

አስተዳደሩ ላይ ብዙ መናገር አልፈልግም፣ በአራት ዓመት ሦስት ዳይሬክተር ተቀያይሯል፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው አያውቀውም። በጸጥታው ምክንያት የተዘጋበት ጊዜም ነበር፣ ያ የማንም ጥፋት አይደለም ግን ያለፈው ትምህርት አልተካካሰም። የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ የሚወራው መዋጮ ነው፣ የጥበቃ ደሞዝ፣ የዴስክ ማስጠገኛ፣ የአጥር። እንከፍላለን፣ ችግሩ መክፈሉ አይደለም፣ ስለ ትምህርቱ ለመጠየቅ ስትነሳ ሰዓት ሄደ ይባላል። ኅዳር ላይ በተደረገው ስብሰባ እኔ ተነስቼ የወንድሜን ካርድና የፈተና ውጤቱን አንድ ላይ ይዤ አሳየሁ፣ 91 እና 31 ብዬ አነበብኩት። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ አባት "የኔም ልጅ እንደዛው ነው" አሉ፣ ከዛ ሌላ ሰው፣ ከዛ ሌላ። ዳይሬክተሩ አልተቆጡም፣ ያንን አደንቃለሁ። ተነጋግረው ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ የሚድ ፈተና ወረቀቱ ታርሞ ቤት ይሂድ ተባለ፣ ወላጅ አይቶ ፈርሞ እንዲመልስ። እስካሁን ከእህቴ የመጣው የአራት ትምህርት ነው፣ ሁሉም ባይሆንም ተጀምሯል። የእህቴ የሂሳብ ካርድ ከ86 ወደ 64 ወርዷል፣ እማዬ አዘነች፣ እኔ ግን የፈተና ወረቀቷን ስላየሁት እውነተኛ ቁጥር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከዚህ በኋላ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደምትቸገር ይታወቃል።

እንግዲህ ለሦስቱ እናቶች። ደብረ ብርሃን ግል ማስገባት ክፍያው ብቻ አይደለም፣ የቤት ኪራይ አለ፣ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ብቻዋን ማደሯ አለ፣ እና ካርድ መሙላት ግልም አለ፣ የጎረቤታችን ልጅ አንድ ግል ትምህርት ቤት አማካይ 93 ይዞ ወጥቶ አገር አቀፉ ላይ ከወንድሜ በአሥር ነጥብ ነው የበለጠው። ዘመድ ቤት የምታርፍበት ካለና አቅም ካላችሁ አልቃወምም። የስምንተኛ ውጤቷ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ግን ከግል በፊት የልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹን መግቢያ ፈተና አስሞክሯት። ከሌለ እዚሁ ትግባ፣ የኔ መልስ ይሄ ነው፣ ግን ገንዘቡን እዛ ላይ ባለማውጣታችሁ የተረፈውን መጽሐፍ ኮፒ ላይ አውሉት፣ ክረምቱን ደሞ እንግሊዝኛ ላይ ትሥራ ምክንያቱም ዘጠነኛ ስትገባ ከአማርኛ በቀር ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሆንባታል፣ ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚሰናከለው እዛች መግቢያ ላይ ነው። ማንበብ የማትችሉ እናቶችም ደብተሩን ማየት ትችላላችሁ፣ ቀኑን እንድታነብላችሁ አድርጉ፣ ቀይ እስክሪብቶ ያረፈበት ገጽ ካለ እዩ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም ካልተጻፈ ትምህርት ቤት ሂዳችሁ የክፍል ኃላፊውን ጠይቁ።

ወንድሜ ሪሚዲያል፣ ማለፊያውን ላላመጡ ልጆች የሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት፣ ደርሶት ሄዷል፣ በስልክ ሳገኘው "ያልተማርነውን ነው አሁን የምንማረው" ይለኛል፣ ድምፁ ተመልሷል። ቅዳሜ ላይ ያለውን ቲቶሪያል ልጃቸው እንድታየው የሚፈልጉ ካሉ፣ የስምንተኛ ልጅ ከኋላ ተቀምጣ ብታዳምጥ መምህሩ አይከለክልም፣ ጠይቄዋለሁ። እህቴና ጓደኞቿ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሱቁ በር ላይ ነው የሚነሱት።