«ተፈጥሮና አፈ ታሪክ» የቻርም አምባር መሥሪያ ኪት፦ ምስሎቹ ይያዙ፣ ቀለበቶቹና ላስቲኩ ይቀየሩ

በኦንላይን ገበያ «ተፈጥሮና አፈ ታሪክ» እየተባለ የሚሸጠው የቻርም አምባር (ትንንሽ ተንጠልጣይ ምስሎች የሚሰቀሉበት አምባር) መሥሪያ ኪት ማሸጊያው ከሻጭ ሻጭ ይለያይ እንጂ ይዘቱ ያው ነው። በትንንሽ ክፍል የተከፋፈለ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ሁለት ሦስት ሰንሰለት፣ አሮጌ ብር እንዲመስሉ የጠቆሩ ተንጠልጣይ ምስሎች፣ የመስታወት ዶቃ፣ አንድ ጥቅል ላስቲክ ክር፣ መቆለፊያ፣ ማያያዣ ቀለበቶችና አንዲት ትንሽ ፒንሳ። አምባር ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ይጠቅማል ወይ? ይጠቅማል። ምስሎቹ ለዋጋቸው ጥሩ ናቸው፤ ሰንሰለቱም ያገለግላል። ሥራውን የሚያበላሹት በሣጥኑ ውስጥ ከሁሉ ርካሽ የሆኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ማያያዣ ቀለበቱና ላስቲኩ። እነሱን ለውጦ መጀመር ነው።

የቀለበቱ ነገር ረጋ ተብሎ መታየት አለበት፤ ቻርም አምባር ሁለመናው በቀለበት የተያያዘ ነውና። ከኪቱ ጋር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የውጭ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር፣ የሽቦው ውፍረት 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በጥፍር ሲጫኑት አፉ ከተከፈተ የሹራብ እጅጌ ወይም የቦርሳ ማንገቻ ሲይዘውም መከፈቱ አይቀርም፤ ምስሉ የት እንደወደቀ እንኳ ሳይታወቅ ይጠፋል። በዚያው በ5 ሚሊ ሜትር ስፋት ውፍረቱ 0.9 ወይም 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የማይዝግ ብረት ቀለበት ይህን ጣጣ ያስቀራል። ብዙ ሻጭ ስፋቱን ብቻ ስለሚጽፍ ውፍረቱ መጻፉን አይተው ይግዙ። የሰንሰለቱ ዓይን 1 ሚሊ ሜትር ሽቦ ያሳልፍ እንደሆነም አስቀድመው ይለኩ። ካላሳለፈ 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ቀለበት ይያዙ፤ ሽቦው አንድ ዓይነት ከሆነ ጠባቡ ቀለበት ከሰፊው ይልቅ በቀላሉ አይከፈትም።

አከፋፈቱ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስሕተት አንድ ነው፤ ሁለቱን ጫፎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ መጎተት። እንዲያ የተከፈተ ቀለበት ክብነቱን ያጣና ተመልሶ አይገጥምም። ትክክለኛው አንዱን ጫፍ ወደ ራስዎ፣ ሌላውን ወደ ፊት መጠምዘዝ ነው። ሲዘጉ ጫፎቹን ከመጋጠሚያው ትንሽ አሳልፈው ይመልሷቸው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ ሽቦው ይጠነክራል፣ ጫፍና ጫፍ ሲነካካም ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ለዚህ ሁለት ፒንሳ ያስፈልጋል፤ ኪቱ የሚሰጠው አንድ ነው። ሁለተኛውን ሲገዙ አፉ ለስላሳ፣ ጥርስ የሌለው ይሁን፤ ጥርስ ያለው ቀለበቱን ይቧጭራል። ጥርሳሙ ብቻ ከተገኘ አፉን በፕላስተር መጠቅለል ለጊዜው ያገለግላል። ሥራው ሲያልቅ የጥጥ ክር በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ይጎትቱ። ክሩ ከተያዘ ቀለበቱ አልተዘጋም ማለት ነው፤ ዓይን የማያየውን ክር ያገኘዋል።

መጠኑን ለማወቅ የእጅ አንጓን ጌጡ በሚያርፍበት ቦታ ጠበቅ አድርጎ መለካት ይቀድማል። ለሰንሰለት በዚያ ላይ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር መጨመር ይበቃል፤ መቆለፊያውም በልኩ ውስጥ ይቆጠራል። የዶቃ አምባር ግን ሌላ ሒሳብ አለው። ዶቃው በወፈረ ቁጥር የውስጡ ክብ ይጠባል፤ የሚጠበውም የዶቃው ስፋት በ3.14 ሲባዛ በሚመጣው ያህል ነው። ስለዚህ 16 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አንጓ በ8 ሚሊ ሜትር ዶቃ ሲሠራ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል፤ 23 ዶቃ ልክ ጠበቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ላላ እንዲል ከተፈለገ 24። ኪቱ ውስጥ ያለው መመሪያ ይህን ስለማይናገር ብዙዎች በአንጓቸው ልክ ደርድረው ሲያበቁ አምባሩ አልገባ ይላቸዋል።

ምስል ማብዛትም አይጠቅም። በ18 ሴንቲ ሜትር ሰንሰለት ላይ ከ7 እስከ 9 ምስል ይበቃል። ሰንሰለቱን ሳይጠማዘዝ ዘርግተው ዓይኖቹን ይቁጠሩ፤ መካከለኛውን ያግኙና ዋናውን ምስል እዚያ ያድርጉ፤ ከዚያ በእኩል ርቀት ወደ ግራና ወደ ቀኝ። ሁሉም ምስል በሰንሰለቱ አንድ ጠርዝ በኩል መንጠልጠል አለበት፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ከሆነ ጌጡ እየተጠማዘዘ ያስቸግራል። ክብደትንም ማሰብ ነው። ከባዱ ምስል አንድ ብቻ ሆኖ መካከል ላይ ከተቀመጠ ወደ ታች ይሰምጥና መቆለፊያው በእጅ ጀርባ ላይ ወጥቶ ይታያል። መድኃኒቱ መካከለኛ ክብደት ያላቸውን ሁለት ምስሎች በመቆለፊያው ግራና ቀኝ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ምስሎቹ ትርጉም። ከኪቱ ጋር የሚመጣው ወረቀት ጉጉት ጥበብ፣ ዛፍ ሕይወት፣ ዓይን ጥበቃ እያለ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ የአውሮፓና የሜዲትራኒያን ነው። ጉጉት የጥበብ ምልክት የሆነችው በጥንታዊት አቴና አምላክ ምክንያት ነው፤ በእኛ አገር ግን ጉጉት በቤት ጣሪያ ላይ ከጮኸች ገዷ ክፉ ነው፣ ሞት ታሰማለች ይባላል። ለአያት ወይም ለአራስ የሚሰጥ አምባር ላይ ጉጉት መስቀል ስጦታውን ወደ ሟርት ይለውጠዋል። ለወጣት ጓደኛ ሊያምር ይችላል፤ ለማን እንደሚሰጥ ማወቅ ግን ግድ ነው።

ሰማያዊው ዓይንም የቱርክና የግሪክ ነው። ፍርሃቱ ግን ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በእኛ ዘንድ ስሙ ቡዳ ነው። ከእሱ ለመጠበቅ ሰው ሲያስር የኖረው በብራና ተጽፎ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ነው። ደብተራው ረጅሙን ጥቅል አንዳንድ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይጽፈው ነበር፤ ጠልሰሙም በመካከሉ ዓይኖችና ፊቶች ያሉበት ሥዕል ነበር። ከኪቱ የዓይን ምስል ይልቅ ጥቅል የሚመስል ትንሽ ክብ ቱቦ ከአምባሩ ላይ ማንጠልጠል ለዚህ ልማድ ይቀርባል፤ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 20 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የነሐስ ቱቦ ይበቃል። እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቤተ እስራኤልን ጨምሮ ብዙ ባለ እጆች ራሳቸው «ቡዳ» ተብለው ተገልለው ኖረዋል። ማረሻውና ማሰሮው እየተፈለገ ሠሪው ተፈርቷል። የቡዳ መከላከያ ብሎ ጌጥ የሚሸጥ ሰው ቃሉ ማንን ሲወጋ እንደኖረ ያስብ፤ መለያው ላይ «ጥበቃ» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ዛፉ ከምስሎቹ ሁሉ የተሻለው ነው። ቅርንጫፉ ሰፊ፣ ሥሩ ክብ የሞላ ስለሆነ ዋርካ ወይም ሾላ ለማለት ይመቻል፤ የገዳ ጉባኤ የሚቀመጥበት ኦዳም ይሆናል፣ ትርጉሙን ማንም ሳያስረዳው የሚያውቀው ብዙ ነው። መስቀል ከተፈለገ ግን ብቻውን ቢሆን መልካም ነው። ማተብ የክርስትና ምልክት ሆኖ በአንገት የሚታሰር ስለሆነ መስቀልን ከጉጉትና ከዓይን ጋር በአንድ ሰንሰለት ማንጠልጠል ብዙ ምእመናንን ቅር ያሰኛል። ጨሌም እንዲሁ በጥንቃቄ ነው፤ ስሙ ከዛርና ከአተቴ ጋር የሚነሣ ዶቃ በመሆኑ አንዱ የአያቱን ትዝታ ሲያይበት ሌላው አልነካም ይላል።

በኪቱ የሌለውን ከራስ መጨመር የሥራው ጣፋጭ ክፍል ነው። ዛጎል ቀላሉ ነው። ጀርባው የተቆረጠውን ከገዙ ክር በቀላሉ ያልፋል። ያልተቆረጠ ከሆነ በ1 ሚሊ ሜትር የአልማዝ መሰርሰሪያ ውኃ ውስጥ አድርጎ፣ ሳይጫኑ፣ እያነሱ እየመለሱ መብሳት ነው። በደረቁ ከተበሳ ይሰነጠቃል፤ አቧራውም ለሳንባ ጎጂ ነው።

አደይ አበባን በሬዚን (ሲደርቅ እንደ መስታወት በሚጠነክር ፈሳሽ) ውስጥ ማስቀመጥ የሚፈልግ ደግሞ ትዕግሥት ይሰንቅ። እርጥብ አበባ በሬዚን ውስጥ ይጠቁራል፣ አረፋም ያወጣል። በመጽሐፍ መካከል በሁለት ለስላሳ ወረቀት አድርጎ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ቅጠሉ ሲነካ እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ ደርሷል። በመብራት የሚደርቀውን ሬዚን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ንብር ያፍሱ፤ ብርሃኑ ከአበባው ሥር ስለማይደርስ ወፍራሙ ንብር ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ከላይ ከደረቀ በኋላ ገልብጠው ከታች በኩልም ያብሩበት። የቡና ፍሬ ከሆነ ቀለል ብሎ የተቆላው ይሻላል፤ ጥሬው እርጥበት አለው፣ ብዙ የተቆላው ዘይት ያወጣና ሬዚኑ አይዘውም። በፍሬው መካከል ያለው ስንጥቅ አየር ስለሚይዝ መጀመሪያ በጥርስ መፈልፈያ እንጨት ቀጭን ሬዚን ይቀቡት። ያልደረቀ ሬዚን ቆዳ ላይ አለርጂ ያስነሣል፤ አንዴ ከጀመረም አይለቅም። የናይትራይል ጓንት ይልበሱ፣ መስኮት ይክፈቱ።

ላስቲኩን በተመለከተ ከኪቱ ጋር የሚመጣው ቀጭን ነውና ለሙከራ ይሁን። ለ6 እና ለ8 ሚሊ ሜትር ዶቃ 0.7 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይሻላል። ከመደርደር በፊት ክሩን ደጋግመው ይሳቡት፤ ካልተሳበ ከሳምንት በኋላ ይረዝምና በዶቃዎቹ መካከል ክፍተት ይታያል። ሲቋጩ ጫፉን በመጀመሪያው ዙር ሁለት ጊዜ አሳልፈው ያጥብቁ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ይድገሙ፤ በቋጠሮው ላይ አንዲት ጠብታ የጌጥ ማጣበቂያ ያድርጉና ሲደርቅ ቀዳዳው ሰፊ በሆነው ዶቃ ውስጥ ይደብቁት። ሱፐር ግሉ አይሁን፤ ሲደርቅ ስለሚደነድን ላስቲኩ ሲሳብ ቋጠሮው አጠገብ ይበጠሳል። የብረት ምስል በላስቲክ ላይ ማንጠልጠል ካስፈለገ በቀለበቱ ግራና ቀኝ ትንንሽ ዶቃ ያስገቡ፤ የብረቱ ጠርዝ ክሩን እየበላ ስለሚቆርጠው።

«የጥንት ብር» የሚለው ጽሑፍ ቀለሙን እንጂ ብረቱን አይናገርም። ከሥሩ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የዚንክ ቅይጥ ነው። ማግኔት ባይዘውም ብር ነው ማለት አይደለም፤ ዚንክንም ማግኔት አይዘውም። ድሮ አንጥረኞቻችን ጌጥ የሚሠሩበት ማርትሬዛ የተባለው ጠገራ ብር 28 ግራም ሆኖ ከሺሕ 833 እጁ ብር ነበር፤ ዛሬ እውነተኛ ብር የሚፈልግ 925 የሚል ማኅተም ይፈልግ። ኒኬል የሚያሳክካቸው ሰዎች ይህን ነገር ቸል ማለት የለባቸውም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቆዳ የሚነካ ጌጥ በሳምንት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ኒኬል እንዲለቅ አይፈቀድም፤ ካድሚየምም በክብደት ከ0.01 በመቶ፣ እርሳስ ከ0.05 በመቶ በታች መሆን አለበት። አውሮፓ ያሉ ገዢዎች ሻጩን የምርመራ ወረቀት ይጠይቁ። ሌላው ሰው ደግሞ በኒኬል መፈተሻ ጠብታ ማየት ይችላል፤ ጥጡ ወደ ሮዝ ከተለወጠ ኒኬል አለ። ለሕፃን አምባር እነዚህ ምስሎች አይሁኑ፤ ሕፃን ሁሉን ወደ አፉ ይወስዳል።

የወሎ ኦፓል መጨመር የሚያምራቸውም ብዙ ናቸው፤ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው ድንጋይ ውበቱ ያስጎመጃልና። ለቻርም አምባር ግን አይመከርም። ይህ ኦፓል ውኃ ይመጥጣል፤ እጅ ሲታጠቡ ይጠጣና ኅብረ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ያሳልፋል። ንጹሕ ውኃ ከሆነ በቀናት ውስጥ ደርቆ ይመለሳል፤ የወጥ ዘይት፣ ቅባት ወይም ሽቶ ከገባበት ግን ሊበላሽ ይችላል። ከብረት ምስሎች ጋር ሲጋጭም ሊሰነጠቅ ይችላል። ለጆሮ ጉትቻ ያድርጉት፤ በአምባሩ ላይ ቦታው ለዛጎል ወይም ለመስታወት ዶቃ ይሁን።