ለመማሪያ የሚሆን አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታር፦ ስኩዋየር፣ ያማሃ፣ ኤፒፎን ወይስ ቴይስኮ?

ጊታር ፈትቶ መግጠምን ለመማር አሮጌና ርካሽ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማየት ያለበት አንገቱን ነው። ቀለሙ ቢላጥ፣ ቁልፎቹ ቢረግፉ፣ ድምፁ ጭራሽ ቢጠፋ መፍትሔው በአነስተኛ ወጪ ይገኛል። አንገቱ ከተጣመመ ግን ልምድ ያለው ባለሙያ እንኳ ሥራውን ለመቀበል ያመነታል። ስለዚህ ከዚህ በታች ገበያ ላይ ደጋግመው የሚገኙ ጊታሮችን ሳወዳድር የምለካቸው በድምፃቸው ውበት ብቻ አይደለም። የትኛው ለጀማሪ እጅ ይገራል፣ የትኛውስ ጀምረው የሚተዉት ዕዳ ይሆናል የሚለው ይበልጥብኛል።

አንገት ይህን ያህል የሚያሳስበው ያለ ምክንያት አይደለም። ስድስቱ ክሮች ተወጥረው በትክክል ሲቃኙ በአንገቱ ላይ በድምሩ ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጉተታ ያሳርፋሉ። ይህን ጉተታ የሚመክተው በእንጨቱ ውስጥ የተቀበረው የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ በቁልፍ የሚዞር ከሆነ አንገቱን ማቃናት ወይም በመጠኑ ማጉበጥ ይቻላል። ለመፈተሽ ወፍራሙን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት (አንገቱ ላይ አግድም የተቀበረ ቀጭን ብረት) ላይ ተጭነው 7ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ጤነኛ ነው። ክፍተቱ ሰፍቶ ዘንጉም አልዞር ካለ፣ ወይም የዘንጉ ራስ ቁልፍ እስከማይዝ ድረስ ተበልቶ ከሆነ፣ ሻጩ ዋጋውን በግማሽ ቢቀንስም አይግዙት። ዘንጉን ሲሞክሩ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አያዙሩ።

አሁን ወደ ውድድሩ እንግባ። የመጀመሪያው ስኩዋየር ስትራቶካስተር ነው። ስኩዋየር የፌንደር ኩባንያ ርካሽ መለያ ሲሆን ጊታሮቹ መመረት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1982 በጃፓን ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩት ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ስለሆኑ ለመማሪያ አይሆኑም። ለእኛ የሚሆኑት ከዚያ በኋላ የመጡት «አፊኒቲ» እና «ቡሌት» የተባሉት ናቸው። ብዙ ጀማሪ ገዝቷቸው ከጥቂት ወራት በኋላ ቁም ሣጥን ላይ ስለሚረሳቸው ሁለተኛ እጅ ገበያው በእነሱ የተሞላ ነው።

ስኩዋየርን ለተማሪ የምመርጠው በአሠራሩ ግልጽነት ነው። አንገቱ ከአካሉ ጋር የተያያዘው በአራት ብሎኖች እንጂ በኮላ ስላልሆነ በካቻቢቴ ፈትቶ መልሶ መግጠም ይቻላል። የክሮቹ ከፍታ አልስተካከል ሲል አንገቱን አውልቆ ከሥሩ ስስ ቁራጭ በማስገባት ማዕዘኑን መለወጥ ይቻላል፤ ይህንን በኮላ በተጣበቀ አንገት ላይ ማድረግ አይታሰብም። የኤሌክትሪክ ክፍሉ ደግሞ ከጃክ መሰኪያው በቀር በሙሉ ከፊት ባለው የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ተገጥሟል። አሥራ አንዱን ብሎን ፈትተው ሰሌዳውን ሲገለብጡት ሦስቱ ፒካፖች (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ የሽቦ ጥቅሎች)፣ አምስት ቦታ ያለው መቀያየሪያ፣ አንዱ የድምፅ መጠን ቁልፍና ሁለቱ የቶን (የድምፅ ቃና) ቁልፎች ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጋ ካርታ ይታያሉ። የትኛው ሽቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በጣት እየተከተሉ ማንበብ ይቻላል። ኤሌክትሪክን ከመጽሐፍ ተምሮ ያልገባው ሰው እንኳ እዚህ ይገባዋል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ጊታሩን አምፕሊፋየር ላይ ሰክተው ክሮቹን ሳይነኩ ዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማሉ እንበል። ክሮቹን በእጅዎ ሲይዙ ድምፁ ከቀነሰ የምድር ሽቦው በቦታው አለ ማለት ነው። ካልቀነሰ የኋላውን ክዳን ይክፈቱ። ስፕሪንጎቹን የሚይዘው ጥርስ ያለው ብረት ላይ የተበየደች አንዲት ሽቦ ታገኛላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከብየዳዋ ተላቅቃ ተንጠልጥላ ትገኛለች። ብረቱ ትልቅ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ይጠጣዋል፤ ስለዚህ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ፣ የብየዳ ካውያውን ከሽቦው ይልቅ ብረቱ ላይ አሳርፎ በትዕግሥት ማሞቅ ያስፈልጋል። ሊዱ (ቀልጦ የሚያጣብቀው የብየዳ ብረት) ጉብ ብሎ ከቀረ አልያዘም፤ ፈስሶ ብረቱ ላይ ከተኛና ካበረቀ ይዟል። ይህችን አንድ ብየዳ በትክክል የሠራ ሰው የቀረው የጊታር ብየዳ አያስፈራውም።

ስኩዋየር እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። «የፌንደር ዕቃ ሁሉ ይገጥመዋል» የሚለው የሻጮች አባባል በከፊል ብቻ እውነት ነው። የቀድሞዎቹ አፊኒቲና ቡሌት አካላቸው ከመደበኛው ስትራቶካስተር የሳሳ ስለሆነ መደበኛው የድልድይ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ክፍል) የብረት ጡብ ከኋላ ወጥቶ ይቀራል። የድልድዩ ብሎኖች ርቀትም ብዙ ጊዜ ይለያል። የድምፅ ቁልፎቹ ትንንሾቹ ዓይነት በመሆናቸው በትልልቆቹ ልተካ ያለ ሰው ቀዳዳ ማስፋት ይኖርበታል። ስለዚህ መለዋወጫ ከማዘዝዎ በፊት በሚሊ ሜትር ይለኩ።

ሁለተኛው ያማሃ ፓሲፊካ ነው። ፓሲፊካ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን ከርካሾቹ መካከል ስሙ የተነሣው 112 የተባለው ሞዴል ነው። አካሉ ከአልደር እንጨት የተሠራ ሲሆን ሁለት ባለ ነጠላ ጥቅል ፒካፖችና ድልድዩ አጠገብ አንድ ባለ ሁለት ጥቅል ፒካፕ አለው። ከስኩዋየር ጎን ሲቀመጥ የፍሬቶቹ ጠርዝ ይበልጥ የለሰለሰ፣ ቅኝቱንም ይበልጥ የሚይዝ ሆኖ ይገኛል። ለመጫወት የሚገዛ ሰው ሁለቱን አወዳድሮ ፓሲፊካን ቢመርጥ አልከራከረውም። ለመማሪያ ግን ያስተማረኝ ነገር ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹ የቆዩ ፓሲፊካዎች የሚፈልጉት ጽዳት፣ አዲስ ክርና ትንሽ ማስተካከያ ብቻ ነው። የቤት ሥራው የሰዓታት ነው። በጀትዎ የሚፈቅደው አንድ ጊታር ብቻ ከሆነና ከእድሳቱ በኋላ ለዓመታት ሊጫወቱበት ካሰቡ ግን ይኼው ጉድለቱ ወደ ጥቅም ይለወጣል። ሁለቱ ጊታሮች የክር ርዝመታቸው 648 ሚሊ ሜትር በመሆኑ በአንዱ የለመደ እጅ ሌላኛው ላይ አይቸገርም።

ኤፒፎን ሌስ ፖል ስፔሻል 2 ከሁለቱም የተለየ ጠባይ አለው። የክሩ ርዝመት 628 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ክሮቹ ለጣት ይለሰልሳሉ። ሁለቱም ፒካፖቹ ባለ ሁለት ጥቅል በመሆናቸው የመብራት ጉምጉምታን ያጠፋሉ፤ ቁልፎቹም አንድ የድምፅ መጠን፣ አንድ ቶንና ባለ ሦስት ቦታ መቀያየሪያ ብቻ ናቸው። የሽቦ ሥራው ከስኩዋየር የቀለለ ይመስላል፤ ነገር ግን ሽቦዎቹ የሚያልፉት በእንጨቱ ውስጥ በተበሱ ቀዳዳዎች ስለሆነ ሁሉን በአንድ ዕይታ ማየት አይቻልም። ስሙ የሚቀራረበው ሌስ ፖል ስታንዳርድ አንገቱ በኮላ የተጣበቀ ሲሆን ስፔሻል 2 ግን በብሎን የታሰረ ነው። ለተማሪ የሚበጀው ሁለተኛው ነው።

የሌስ ፖል ቤተሰብ ትልቁ ስጋት የጊታሩ ራስ ነው። መቃኛዎቹ ያሉበት ራስ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ጊታሩ ቆሞ ሳለ በጀርባው ከወደቀ ከነቱ (ክሮቹ ከራሱ ወደ አንገቱ ሲያልፉ ከሚያርፉበት ቁራጭ) ኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል። የስኩዋየርና የፓሲፊካ ራስ ከአንገቱ ጋር ትይዩ በመሆኑ ይህ አደጋ በእነሱ ላይ ብርቅ ነው። ኤፒፎን ሲገዙ የስልክዎን መብራት ከጎን እያበሩ የአንገቱን ጀርባ ይመርምሩ፤ በጥፍርዎም ይዳስሱት። የፀጉር ያህል የቀጠነ መስመር ካገኙና ክሮቹ ሲወጠሩ መስመሩ ከተከፈተ ይተዉት። በሚገባ የተጣበቀ ስንጥቅ ለረጅም ጊዜ ሊያገለግል ቢችልም ያንን ማጣበቅ የመጀመሪያ ትምህርት አይሆንም።

ቀጥሎ ልብ የሚሰርቁት ይመጣሉ፤ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ ቴይስኮና ሲልቨርቶን። ቴይስኮ እ.ኤ.አ. በ1946 በቶኪዮ የተመሠረተ ሲሆን በ1967 ካዋይ ጠቅልሎታል። አሜሪካ ውስጥ «ቴይስኮ ዴል ሬይ» በሚል ስም የተሸጡት ጊታሮች ሦስትና አራት ፒካፕ ተደርድሮባቸው፣ በላዩ ብዙ ማብሪያ ማጥፊያ ተጨምሮባቸው የሚታዩ ናቸው። ወርቃማ ፎይል የለበሱት ፒካፖቻቸው ዛሬ በጣም ይፈለጋሉ፤ ራይ ኩደር የተባለው አሜሪካዊ ጊታሪስት ስትራቶካስተሩ ላይ ከገጠመው ወዲህ ዝናቸው እየጨመረ ሄዷል። ሲልቨርቶን ደግሞ ሲርስ የተባለው የአሜሪካ መደብር በካታሎግ ይሸጠው የነበረ መለያ ነው። ናታን ዳንኤል ያቋቋመው ዳንኤሌክትሮ ኩባንያ ለሲርስ የሠራቸው ጊታሮች አካላቸው በእንጨት ክፈፍ ላይ የተለጠፈ ማሶናይት (ከተጨመቀ የእንጨት ጭረት የተሠራ ሰሌዳ) ሲሆን ፒካፖቻቸው የከንፈር ቀለም መያዣ በሚመስል የብረት ቱቦ ውስጥ የተቀመጡ ናቸው።

ሁለቱም ውብ ናቸው፤ ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆኑም። የዳንኤሌክትሮ ሥራ በሆኑት የዚያ ዘመን ሲልቨርቶኖች አንገት ውስጥ ያሉት የማይዞሩ ብረቶች ናቸው፤ ከቴይስኮዎቹም የሚዞር ዘንግ የሌላቸው አሉ። አንገታቸው በዘመናት ብዛት ከጎበጠ መፍትሔው ፍሬቶቹን ነቅሎ የጣት ሰሌዳውን እንደገና መደልደል ነው። የፒካፓቸው ሽቦም ከፀጉር የማይወፍር ስለሆነ ሲቆረጥ እንደገና ማጠንጠን ይጠይቃል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት በቴስተር ይለኩት፤ ንባቡ ማለቂያ የሌለው ከሆነ ጥቅሉ ተቆርጧል። የ60 ዓመት ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፋቁት። ሲልቨርቶንን አዲስ ቀለም መቀባት ደግሞ ገንዘብን ማቃጠል ነው፤ ገዢዎች የሚፈልጉት የተፈጥሮ እርጅናውን ነው። ከእነዚህ ጊታሮች ጋር አሮጌ የቫልቭ አምፕሊፋየር አብሮ ቢሰጥዎት ውስጡን አይንኩ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኮንደንሰሮቹ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊቆይ ይችላል። ጊታሩ ብቻውን ግን ከመብራት ጋር ስለማይገናኝ ለመማር አያሰጋም።

በዋጋ ረገድ በአሜሪካ ሁለተኛ እጅ ገበያ ቡሌትና ስፔሻል 2 ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚረክሱት ናቸው፤ አፊኒቲ ይከተላል፤ ፓሲፊካ 112 ትንሽ ከፍ ይላል። የቴይስኮ ዋጋ እንደ ፒካፖቹና እንደ ይዞታው በጣም ይራራቃል። ነገር ግን የጊታሩ ዋጋ ብቻውን አያሳስትዎ። ጥሩ ካውያ፣ ሊድ፣ ቴስተር፣ ረጅም ቀጥ ያለ ማስመሪያ፣ የዘንግ ቁልፍና የክር መቁረጫ ፒንሳ ሁሉም ለብቻቸው ይገዛሉ፤ ድምራቸው ከጊታሩ ሊበልጥ ይችላል። መሣሪያዎቹ ግን ለቀጣዩ ጊታርም የሚያገለግሉ ናቸው።

የእኔ ምርጫ አንገቱ ጤነኛ የሆነ፣ ድምፁ የጠፋ ወይም የሚቆራረጥ አፊኒቲ ስትራቶካስተር ነው። ድምፅ አልባ ጊታር ዋጋው ይወድቃል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የላላ የጃክ መሰኪያ፣ የተላቀቀ ብየዳ ወይም አቧራ የጠጣ የድምፅ ቁልፍ ነው። ሽቦ ፈጽሞ የማይማርከውና የሚፈልገው ለጣቱ የሚመች ጊታር ብቻ የሆነ ሰው ፓሲፊካን ይውሰድ። ወፍራም ድምፅ የሚወድ፣ የጊታሩን ራስ በደንብ መርምሮ ጤነኛ ካገኘው፣ ስፔሻል 2ን ይግዛ። ቴይስኮ ከዚያ በኋላ፣ እጅ ከተፍታታ ወዲያ ይምጣ።

የትኛውንም ቢገዙ የሥራው መጨረሻ አንድ ነው። በ12ኛው ፍሬት የተጫነው ድምፅ እዚያው ቦታ ላይ ክሩን በስሱ ነክተው ከሚያወጡት ድምፅ ጋር እስኪገጥም ድረስ በድልድዩ ላይ ያሉትን መቀመጫዎች ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱ። ተጭነው የሚያወጡት ከቀጠነ መቀመጫውን ወደ ኋላ፣ ከወፈረ ወደ አንገቱ ይውሰዱት። ሲጨርሱ የትዝታን ቅኝት ከ12ኛው ፍሬት በላይ በዝግታ ይጫወቱ። ድምፅን በድምፅ ላይ ለማንሸራተት የሚያስቸግር ፍሬት ወይም የሚያፈነግጥ ድምፅ ካለ እዚህ ጎልቶ ይሰማል።

ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ለሚልኩ ወገኖችም አንድ ነገር ልጨምር። ጊታሩ በየትኛውም አገር ያለ ችግር ይሠራል፤ አምፕሊፋየሩ ግን በ120 ቮልት የተሠራ ከሆነ በ220 ቮልት ላይ በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ይግዙለት፤ አለበለዚያ አምፕሊፋየሩን እዚያው ትተው ኢትዮጵያ ውስጥ ይግዙ። በሻንጣው ውስጥ ሁለት የክር ስብስብ፣ መለዋወጫ ጃክና የዘንጉን ቁልፍ ያካትቱ። ክሮቹንም ለጉዞ በመጠኑ ያላሉ፤ ደርሶ ሲቃኝ አንገቱ ከአዲሱ አየር ጋር እስኪላመድ ጥቂት ቀን ይጠብቁና ዘንጉን ከዚያ በኋላ ያስተካክሉ።