ቀላሏ መነጽሬና የጎረቤቴ ጥጃ፦ ከ8 ወር በኋላ

«ጋሼ፣ አሳማ! የዱር አሳማ ገብቷል!» ብዬ የጮኽኩት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ምሽት 1 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። በቆሎው መሀል ጥቁር ጀርባ ይንቀሳቀሳል። በሩቅ ማያ መነጽሬ አየሁት፤ ጥቁር ነው፣ አጭር ነው፣ እየበላ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? ወንጭፌን አዙሬ ለቀቅኩበት።

«እምቧ!» አለ።

የጎረቤታችን ጥጃ ነበረች። ደግነቱ ድንጋዩ ያገኘው አገዳ ነው። አጎቴ ግን አልሳቀም። «ምንሽሩን ይዘህ ቢሆንስ?» አለኝና ወደ ጎጆው ገባ።

መነጽሯን የገዛኋት ሚያዝያ ላይ ጅማ ገበያ ነው። ማሳችን በለጠ ጫካ ጠርዝ ላይ ነው፤ ቀን ዝንጀሮ፣ ማታ አሳማና ጃርት ይፈራረቁበታል። መነጽሯ ላይ 10 በ25 ይላል። 300 ግራም ብትመዝን ነው፤ ጃኬት ኪስ ውስጥ ትገባለች። ሻጩ «አስር እጥፍ ታቀርባለች፣ ደግሞ ላባ በላት» አለኝ። አልዋሸም። ሱቁ በር ላይ አቁሞ ማዶ ያለ ታፔላ አስነበበኝ። ቀን 6 ሰዓት ላይ! በዚያ ፀሐይ ምን የማይነበብ ታፔላ አለ?

ነገሩ የገባኝ ከጥጃዋ በኋላ ነው። 25ቱ የፊተኛው መስታወት ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ለ10 ሲካፈል 2.5 ይመጣል፤ ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ይኸው ነው። ቀን ላይ ብሌናችን ራሱ ስለሚጠብ አይታወቅም። ሲመሽ ግን የወጣት ሰው ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ይከፈታል። የኔ ዓይን በሩን ወለል አድርጎ ይጠብቃል፣ መነጽሯ በመርፌ ቀዳዳ ታቀብለዋለች። የገዛሁት 7 በ50 የሚባለውን ቢሆን ኖሮ ክቡ 7 ሚሊሜትር ይሆን ነበር። እሱ ግን ከባድ ነው፤ እኔ ደግሞ ቀላል አማረኝ።

«ለማታ እንደሆነ መቼ ነገርከኝ?» ይለኝ ይሆናል ሻጩ። ወንድሜ፣ «ለበቆሎ ጥበቃ» ብዬሃለሁኮ! አሳማ በቀትር ቀጠሮ ይዞ ይመጣል እንዴ?

ቅለቷም ቢሆን ያኔ እንደመሰለኝ አይደለም። አስር እጥፍ ስታቀርብ የእጄንም መንቀጥቀጥ አስር እጥፍ ታሳየኛለች። ክብደት ስለሌላት የምትረጋበት የላትም። አጎቴ ይህን ከጠመንጃ ያውቀዋል። የሱ ምንሽር 4 ኪሎ ግድም ነው። ፈቃድ አለው፤ አውሬ ለማደን ግን ሌላ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ግድግዳ ላይ ይውላል። «ቀላል ጠመንጃ ዳገት ላይ ይወድሃል፣ ስትተኩስ ይበቀልሃል» ይላል። ጥይቱ ያው ሆኖ ጠመንጃው ሲቀል የሚረግጠው ትከሻን ነው። ትንፋሽ በወሰድክ ቁጥር አፈሙዙም ይዋልላል። ሲገዛ ቀላል አቅርበውለት እንቢ ማለቱን ሲያወራ፣ እኔ ኪሴ ውስጥ ያለችውን እዳብሳለሁ።

ክረምት ላይ ደግሞ በውስጥ በኩል ላብ ያዛት። ለዝናብ የተሠሩት ታሽገው ናይትሮጅን ይሞላባቸዋል፤ እሷ የላትም። ሁለት ቀን ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኳትና ለቀቃት። ይሄን ይቅር ብያታለሁ።

ቀን ቀን ግን አልክዳትም። አንድ ጠዋት ከመንጋው ቀድሞ ዛፍ ላይ የወጣውን ትልቁን ዝንጀሮ አየሁት፤ ክንዱን እያከከ ወደኛ ጎጆ ያያል። እሱ እኛን፣ እኔ እሱን። ሳይወርዱ ጅራፍ አስጮህኩ፣ ተመለሱ። ለዚህ ለዚህ እንኳ ዋጋዋን መልሳለች፤ አልሸጣትም። መነጽር የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ግን፣ ሱቅ ሄዶ እንዲሞክር የምነግረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ጎረቤታችን እስካሁን አልተወኝም። ሲመሽ በአጥሩ በኩል ይጠራኛል፦ «አሳማዬን ዛሬ አስሬያታለሁ፣ ተኛ!»